መብራት ቢጠፋ ሥራችን እንዳይጠፋ



በዚህ ዕትም የምናቀርብላችሁ ትምህርት ከማታው ክፍላችን የመጣ ነው። አንድ ምሽት አንዲት እናት ማመልከቻ እንድንጽፍላቸው ወደ ክፍሉ መጡ። በጉዞ ላይ የተለያቸውን ልጅ ለማፈላለግ የሚያቀርቡት ማመልከቻ ነበር። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኛ ኮምፒዩተሩ ላይ እንጽፋለን። ከየት እንደተነሡ፣ የት እንደተለያዩ፣ ልጁ ምን ለብሶ እንደነበረ፣ በምን ምልክት እንደሚታወቅ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናገሩ። አራተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ስንደርስ አምፖሉ ብልጭ አለና ድርግም አለ። ኮምፒዩተሩም አብሮ ጠፋ።

መብራቱ በማግሥቱ መጣ። ጽሑፉ ግን አልመጣም። አንድም ጊዜ አላስቀመጥነውም ነበር። አፍረን አንገታችንን ስንደፋ፣ «ምን ታደርጉት ልጆቼ፣ መብራቱ እኮ ነው» አሉን። እንደገና ተቀምጠው እንደገና ተናገሩ። ሁለተኛው ማመልከቻ ሁለት ገጽ ብቻ ሆነ። ያንን ሁሉ ሁለት ጊዜ ለመናገር አቅም አላገኙም።

እሳቸው በመብራቱ ቢያመካኙልንም ጥፋቱ የእኛ ነበር። መብራት እንደሚጠፋ እናውቃለን፤ አልተዘጋጀንም እንጂ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለዚህ ነው። ዛሬ በሰፈራችን ኮምፒዩተር ያላቸው ቤቶች አሉ፤ ልጆች ይማሩበታል፣ ወጣቶች ይጽፉበታል፣ አንዳንዶችም ደብዳቤ በመጻፍና ፎቶ በማተም ይተዳደሩበታል። ስለዚህ መብራቱ ሲቆራረጥ ምን ማድረግ እንደሚገባ በቅደም ተከተል እናያለን። ከሁሉ በፊት ይህን እንያዝ፦ ከመሣሪያው ሥራው ይበልጣል፤ ከሥራው ደግሞ ሰው ይበልጣል። የምናደርገውም የምንገዛውም ሁሉ ይህን ሥርዓት ይከተል።

1. መብራታችን ከየት ይመጣል? ለምንስ ይቋረጣል?

በኬንያ በኩል ያለችው ሞያሌ ከኬንያ ዋና የኤሌክትሪክ መስመር ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። በመሆኑም የኬንያው የኤሌክትሪክ አከፋፋይ ለከተማዋ የሚሆነውን ኃይል ከድንበሩ ማዶ ከኢትዮጵያ እየገዛ ሲያከፋፍል ቆይቷል። እኛ ከአገር ስንወጣ የአገራችን መብራት ተከትሎን ተሻገረ ማለት ነው፤ መቆራረጡም አብሮት ተሻገረ።

ኃይሉ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ረጅም መንገድ ተጉዞ፣ ከመስመሩ ጫፍ ላይ ነው። መስመር በረዘመ ቁጥር ነፋስ፣ ዛፍ፣ መብረቅና የወደቀ ምሰሶ የሚያገኙት ቦታ ይበዛል። በጋና ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ በሀጋያ ዝናብ ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር መብረቅ ሲበዛ የምናየው መጥፋት ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በተጨማሪም ኤሌክትሪክ በረጅም ሽቦ ሲጓዝ ግፊቱ፣ ማለትም ቮልቱ፣ እየቀነሰ ይሄዳል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ሁሉም ቤት መብራት፣ ቴሌቪዥንና ምድጃ ሲያበራ አምፖላችን የሚደበዝዘው ለዚህ ነው። ሌሊት ሰው ሲተኛ ደግሞ ቮልቱ መልሶ ከፍ ይላል።

ብዙዎች «ግድብ ሲበዛ ችግሩ ያበቃል» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 በኢትዮጵያ መብራት በፈረቃ የተደረገው የጊቤ 3 ግድብ ውኃ በመቀነሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የኅዳሴ ግድብ ተመርቋል። ነገር ግን ግድቡ የቱንም ያህል ቢያመነጭ፣ ወደ ሰፈር የምትመጣው ሽቦ ከተበጠሰች ሰፈሩ ይጨልማል።

ሌላም የሚጠየቅ ጥያቄ አለ። «ከኢትዮጵያ ወደ ኬንያ የሚሄደው ትልቁ መስመር በዚህ በኩል አልፎ የለም ወይ? ለምን ከእሱ አይቀጥሉልንም?» ይባላል። ያ መስመር ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ናይሮቢ አጠገብ እስካለው ሱስዋ ድረስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘረጋ፣ 500 ሺህ ቮልት የሚሸከም ሲሆን፣ ኬንያ በእሱ አማካይነት ኃይል መግዛት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ነው። የሚሸከመው ግን ቤታችን የምንጠቀምበትን ዓይነት ተለዋዋጭ ኮረንት ሳይሆን ቀጥተኛ ኮረንት ነው። ከመካከሉ ለመቅዳት እጅግ ውድ የሆነ መለወጫ ጣቢያ መሥራት ያስፈልጋል። እንደ ባቡር ነው፤ በመንደራችን በኩል ቢያልፍም ጣቢያ ከሌለ አይቆምልንም።

2. መብራት ሲቋረጥ ኮምፒዩተሩ ምን ይሆናል?

ኮምፒዩተር ሁለት ዓይነት ማስታወሻ አለው። አንደኛው እንደ ጥቁር ሰሌዳ ነው፤ የምንጽፈው መጀመሪያ እዚያ ላይ ይሰፍራል። ሁለተኛው እንደ ደብተር ነው፤ «አስቀምጥ» ብለን ስናዝዘው ከሰሌዳው ላይ ያለውን ወደ ደብተሩ ይገለብጣል። ኃይል ሲቋረጥ ሰሌዳው በአንዴ ይጠረጋል፤ ደብተሩ ግን ይቀራል። የእናታችን አራት ገጽ የጠፋው ሰሌዳ ላይ ብቻ ስለነበረ ነው።

ከመብራቱ የሚመጣው ጉዳት ግን ይህ ብቻ አይደለም፤ በአራት ይከፈላል።

ሀ. ድንገተኛ መጥፋት፦ ያልተቀመጠ ሥራ ይጠፋል። ኮምፒዩተሩ ወደ ደብተሩ በመገልበጥ ላይ እያለ ከተቋረጠ ደግሞ ጽሑፉ ተበላሽቶ አልከፈት ሊል ይችላል።

ለ. የቮልት ማነስ፦ አምፖሉ ይደበዝዛል፤ ኮምፒዩተሩ እየጠፋ እየበራ ያስቸግራል። ማቀዝቀዣና ውኃ መሳቢያን የመሳሰሉ ሞተር ያላቸው ዕቃዎች ከመጠን በላይ ይግላሉ፤ ሞተራቸውም ሊቃጠል ይችላል።

ሐ. የቮልት መብዛት፦ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው መብራቱ ተመልሶ ሲመጣና መብረቅ በመስመሩ አቅራቢያ ሲወድቅ ነው። ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ የኮምፒዩተሩን የኃይል ሳጥን ሊያቃጥል ይችላል።

መ. የዜሮው ሽቦ መበጠስ፦ በቤቱ ውስጥ አንዳንዱ አምፖል ከወትሮው በላይ ደምቆ፣ ሌላው ደብዝዞ ከታየ አደጋ አለ። ወዲያውኑ ዋናውን ማጥፊያ አጥፍተን ባለሙያ እንጥራ።

3. ገንዘብ የማይጠይቁ ልማዶች

ከዚህ ቀጥሎ ያሉት ልማዶች ምንም አያስወጡም። ከመሣሪያ ሁሉ ይበልጥ የሚጠቅሙትም እነሱ ናቸው።

1ኛ. በየአንቀጹ ማስቀመጥ። ኮንትሮል የሚባለውን ቁልፍ ይዞ የኤስን ፊደል መጫን ብቻ ነው። በክፍላችን ያወጣነው ደንብ «አራት ነጥብ ስታደርግ አስቀምጥ» የሚል ነው። ዐረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ጣታችን በራሱ ይሄዳል። እጅግ ቀላል ቢሆንም፣ ያንን ምሽት ብናውቀው ኖሮ የምናጣው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር።

2ኛ. ጽሑፍ ሲጀመር ስም መስጠት። ገና ባዶ ገጽ ሳለ ስምና ቀን ሰጥተን እናስቀምጠው። ብዙዎቹ የጽሑፍ ፕሮግራሞች በየ10 ደቂቃው በራሳቸው መጠባበቂያ ይይዛሉ፤ ይህን ወደ 1 ወይም 2 ደቂቃ ዝቅ ማድረግ ይቻላል።

3ኛ. ሦስት ቅጂ መያዝ። አንዱ በኮምፒዩተሩ፣ አንዱ በፍላሽ፣ አንዱ በወረቀት ይሁን። ወረቀት መብራት አይፈልግም። ፍላሹ ከኮምፒዩተሩ ጋር ተሰክቶ መዋል የለበትም፤ አንድ ብልጭታ ሁለቱንም ይዞ ይሄዳልና። ማመልከቻ፣ የምዝገባ ወረቀትና የቤተሰብ ዝርዝር ያለበት ፍላሽ ደግሞ እንደ መታወቂያ ይጠበቅ። ሰው እጅ ቢገባ የሚጎዳው ባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ አገር ቤት የቀሩትንም ይነካል። በይለፍ ቃል መቆለፍ፣ በኪራይ ኮምፒዩተር ላይም ቅጂ አለመተው ይገባል።

4ኛ. መብራቱ ሲጠፋ መንቀል። ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም፤ መሰኪያውን ከግድግዳው እንንቀል። አንድ አምፖል ብቻ በርቶ ይቆይ፤ መብራቱ መምጣቱን እሱ ይነግረናል።

5ኛ. መብራቱ ሲመጣ አለመቸኮል። መጀመሪያ ሲመጣ ተመልሶ ሊሄድ፣ ወይም ከፍ ባለ ቮልት ሊመጣ ይችላል። 10 ደቂቃ እንጠብቅ፤ የመጀመሪያው ቡና እስኪወርድ ማለት ነው። አምፖሉ ሳይዋልል ከቆየ በኋላ እንሰካ።

6ኛ. ሰዓት መምረጥ። ሁሉም የሚያበራበትን የምሽቱን ሰዓት ለንባብና በእጅ ለመጻፍ እናውለው። ረቂቁን በወረቀት ጽፎ ማለዳ ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥ ሥራንም ኃይልንም ይቆጥባል።

7ኛ. ነጎድጓድ ከተሰማ መንቀል። ዝናቡ እስኪደርስ አንጠብቅ። መብረቅን የሚያስቆም የቤት ዕቃ የለም፤ አስተማማኙ መከላከያ የተነቀለ ሽቦ ነው።

4. ሽቦ፣ ሶኬትና ምጣድ

በሰፈራችን የምናየው ብዙ ጉዳት የሚመጣው ከዋናው መስመር ሳይሆን ከገዛ ቤታችን ሽቦ ነው።

የኢትዮጵያ መሰኪያ ሁለት ክብ ጥርስ አለው፤ የኬንያ ሶኬት ደግሞ ለሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ የተሠራ ነው። ከማዶ ዕቃ ይዘን ስንመጣ የሶኬቱን የላይኛ ቀዳዳ በስክሪብቶ ወይም በእንጨት ከፍተን ሁለቱን ክብ ጥርሶች በግድ እናስገባለን። ይህን ያላደረገ ቤት ጥቂት ነው። ጥርሱ ጥብቅ ብሎ ስለማይዝ ግን ብልጭ ይላል፣ ይግላል፣ ፕላስቲኩን ያቀልጣል። በዚያም ላይ የመሬቱ ሽቦ አይገናኝም። መፍትሔው ትክክለኛ መለወጫ መግዛት ወይም መሰኪያውን በባለሙያ ማስቀየር ነው።

በኬንያው መሰኪያ ውስጥ ትንሽ ፊውዝ አለች። ለኮምፒዩተር 3 ወይም 5 አምፔር ይበቃል። ፊውዟ ስትቃጠል በሽቦ ቁራጭ ወይም በሲጋራ ብር ወረቀት መተካት፣ ዘበኛን አባርሮ በር ከፍቶ እንደመተኛት ነው። ፊውዟ የተቃጠለችው ቤቱ እንዳይቃጠል ነውና።

ቮልቱን በተመለከተ፣ የኬንያ 240፣ የኢትዮጵያ 220 ነው። አብዛኛው የዛሬ ዕቃ ሁለቱንም ይቀበላል። የላፕቶፕ ቻርጀር ጀርባ ላይ «ከ100 እስከ 240» የሚል ቁጥር ካለ አያሳስብም። በአንዳንድ የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች ጀርባ ግን 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማዞሪያ አለ። ከውጭ አገር የመጣ ኮምፒዩተር በ115 ላይ ሆኖ ከተሰካ ወዲያውኑ ይቃጠላል። ከመሰካታችን በፊት 230 ላይ መሆኑን በዓይናችን እንይ።

አሁን ወደ ምጣዱ እንምጣ። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። ላፕቶፕ ከ30 እስከ 65 ዋት፣ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ከነስክሪኑ ከ100 እስከ 150 ዋት ቢስብ ነው። አንድ ምጣድ ከ20 የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች ይበልጣል ማለት ነው። ከጎረቤት በቀጭን ሽቦ በተቀጠለ መስመር ላይ ምጣድና ኮምፒዩተር አብረው ከተሰኩ ቮልቱ ይወርዳል፣ ሽቦውም ይግላል። ቤታችን ቆርቆሮና ሸራ መሆኑን አንርሳ። እንዲህ ባለ ሽቦ ላይ ምጣድ ባይሰካ ይሻላል። ቤቱ ለምጣድ የሚሆን የራሱ መስመር ቢኖረው እንኳ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ኮምፒዩተሩ ይረፍ። ካውያም እንደዚሁ ነው። ማከፋፈያ ላይ ማከፋፈያ አንቀጥል፤ ሽቦን በምንጣፍና በፍራሽ ሥር አናሳልፍ። ሽቦውን በእጃችን ስንነካው የሚሞቅ ከሆነ ከአቅሙ በላይ ተሸክሟል።

5. ዩ.ፒ.ኤስ. ምን ያህል ያቆያል?

ዩ.ፒ.ኤስ. በውስጡ ባትሪ ያለው ሳጥን ነው። መብራቱ ሲጠፋ ኮምፒዩተሩን ሳያቋርጥ በባትሪው ያስቀጥላል። ብዙ ሰው ግን ገዝቶ ሲያዝን እናያለን፤ «ሌሊቱን ያሠራኛል ብዬ ነበር» ይላል። እስኪ እናስላው።

በትንሹ ዩ.ፒ.ኤስ. ውስጥ ያለው ባትሪ ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር-ሰዓት ነው። 12 በ7 ሲባዛ 84 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ኮምፒዩተራችን 120 ዋት ቢስብ፣ 84 ለ120 ሲካፈል 0.7 ሰዓት ወይም 42 ደቂቃ ይመጣል። ነገር ግን የእርሳስ ባትሪ በፍጥነት ሲጨመቅ የሚሰጠው ከግማሽ ብዙም አይበልጥም፤ ሳጥኑም ኃይል ሲለውጥ ጥቂት ያባክናል። ስለዚህ አዲስ ሲሆን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ሲያረጅ 5 ደቂቃም ላይሞላ ይችላል።

እንግዲህ ዩ.ፒ.ኤስ. የመሥሪያ ዕቃ ሳይሆን የመሰናበቻ ዕቃ ነው። ድምፁ ሲጮኽ ሥራችንን አስቀምጠን፣ ኮምፒዩተሩን በሥርዓት እናጥፋ። የሚሰኩበትም ኮምፒዩተሩና ስክሪኑ ብቻ ናቸው። የሌዘር ማተሚያ ሲሞቅ ብዙ መቶ ዋት በአንድ ጊዜ ስለሚስብ በፍጹም አይሰካበት።

በሳጥኑ ላይ 650 ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ዋት እንዳይመስላችሁ፤ ቪ.ኤ. የሚባል ሌላ መለኪያ ነው። እንዲህ ያለው ሳጥን የሚችለው ከ360 እስከ 390 ዋት ገደማ ነው። ስታቢላይዘር የሚባለው ሳጥን ደግሞ የተዛባ ቮልት ያስተካክላል እንጂ ባትሪ የለውም፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሻጭ ሁለቱን ቀላቅሎ እንዳያሳስተን እንጠንቀቅ።

ባትሪ የሙቀት ጠላት ነው። ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀቱ በየ10 ዲግሪው በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። ከቆርቆሮው ሥር ሳይሆን ወለል አጠገብ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ውስጥ እናኑረው። በወር አንድ ጊዜም ተራ ጽሑፍ ከፍተን፣ የዩ.ፒ.ኤሱን መሰኪያ ከግድግዳው ነቅለን ስንት ደቂቃ እንደሚያቆይ በሰዓት እንለካ። መጠባበቂያ መኖሩ ብቻ አይበቃም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 25 ቀን 2023 በኬንያ በአብዛኛው አገር መብራት በጠፋ ጊዜ፣ በናይሮቢው ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከመጠባበቂያ ጄኔሬተሮቹ አንዱ ሳይነሣ ቀርቶ የተርሚናሎቹ ከፊል ጨለማ ውስጥ ወድቆ ነበር። ትልቁ እንዲህ ከሆነ፣ የእኛ ትንሿ ሳጥን አለመፈተሽዋ ምን ያስገርማል?

6. ፀሐይ ያልከፈልንባት ቆጣሪ ናት

በሞያሌ የማናጣው ነገር ቢኖር ፀሐይ ነው። ለላፕቶፕና ለጥቂት አምፖል የሚሆን የሶላር ኃይል ስሌቱ ቀላል ነው።

በመጀመሪያ የምንፈልገውን እንቁጠር። 40 ዋት የሚስብ ላፕቶፕ 4 ሰዓት ቢሠራ 160 ዋት-ሰዓት ነው። እያንዳንዳቸው 5 ዋት የሆኑ ሦስት አምፖሎች 5 ሰዓት ቢበሩ 75 ይሆናል። በድምሩ 235 ዋት-ሰዓት በቀን።

ቀጥሎ የሚገባውን እንቁጠር። ባለ 100 ዋት ሰሌዳ ሙሉ የፀሐይ ኃይል 5 ሰዓት ያህል ቢያገኝ 500 ዋት-ሰዓት ይሰጣል። በሙቀት፣ በአቧራና በመለወጫ የሚባክነው ሲቀነስ ወደ 350 ይቀራል። ለ235 ይበቃል፤ ለደመናማ ቀንም ጥቂት ያተርፋል።

በመጨረሻ ማጠራቀሚያውን እንይ። 12 ቮልት፣ 50 አምፔር-ሰዓት የሆነ የእርሳስ ባትሪ 600 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ከግማሽ በታች ካወረድነው ግን ቶሎ ያረጃል፤ ስለዚህ የእኛ 300 ብቻ ነው። ለአንድ ሌሊት ይበቃል። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሣት ለአጭር ጊዜ ብዙ እንዲሰጥ እንጂ ቀስ በቀስ እንዲደክም አልተሠራም፤ ለዚህ ሥራ ብናውለው በጥቂት ወራት ሊደክም ይችላል። ለሶላር ተብሎ የተሠራውን መምረጥ ነው።

በሰሌዳውና በባትሪው መካከል የኃይል መቆጣጠሪያ መኖር አለበት። ያለእሱ ባትሪው ወይ ከመጠን በላይ ይሞላል፣ ወይ ጨርሶ ይደርቃል። ሰሌዳውን ወደ ደቡብ በትንሹ ዘንበል አድርገን እንትከለው፤ በዚህ አካባቢ ፀሐይ ከአናት በላይ ስለምታልፍ ብዙ ማዘንበል አያስፈልግም፤ ትንሿ ዝንባሌ ዝናብ አቧራውን እንዲያጥበው ትረዳለች። በበጋ ግን በሳምንት አንድ ጊዜ ማለዳ በእርጥብ ጨርቅ እንጥረገው።

የዕቃው ዋጋ ለአንድ ቤት ሊከብድ እንደሚችል እናውቃለን። ታዲያ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለ? አራት አምስት ቤተሰብ ተባብሮ አንድ ሶላር ቢያቆም፣ የሙሌት ተራ በወረቀት ጽፎ በር ላይ ቢለጥፍ፣ ለባትሪ መለወጫም በየወሩ ጥቂት ቢያዋጣ ይችላል። ዕቁብና ዕድር ስንመሠርት የኖርን ሰዎች ይህ አያቅተንም።

7. ሰውን የሚገድል ስሕተት

እስካሁን ስለ ሥራና ስለ መሣሪያ ተናገርን። አሁን ስለ ነፍስ እንናገር።

ጄኔሬተር በቤንዚን ሲሠራ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ጄኔሬተርን በክፍል ውስጥ፣ በኩሽና፣ በበረንዳ ወይም በመስኮት ሥር ማስነሣት ክልክል ነው። «ይሰረቃል» ተብሎ ወደ ቤት ገብቶ ሲሠራ የሚያድር ጄኔሬተር ቤተሰብ ይጨርሳል። ይሰረቅ! ሞተሩም ሳይጠፋና ሳይቀዘቅዝ ቤንዚን አይጨመርበት። የጄኔሬተርን ሽቦ ወደ ግድግዳ ሶኬት ሰክቶ ቤቱን ሁሉ ለማብራት መሞከርም አለ። ኃይሉ ወደ ውጭ መስመር ተመልሶ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል።

ውኃ የሚጨመርበት የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ የሚፈነዳ ጋዝ ያወጣል፤ ሰው ከሚተኛበት ክፍል፣ ከከሰል ምድጃና ከክብሪት ይራቅ። ውስጡ ያለው አሲድ ዓይን ያጠፋል። ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ይሁን። አሲድ ሰውነት ላይ ከፈሰሰ በብዙ ንጹሕ ውኃ ለረጅም ጊዜ አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

የኤሌክትሪክ እሳት ሲነሣ ጀሪካን አንሥተን ውኃ አንድፋ፤ ውኃው ኮረንቱን ወደ እኛ ያመጣዋል። መጀመሪያ ዋናውን ማጥፊያ እናጥፋ፣ ከዚያ ደረቅ አሸዋ ወይም አፈር እንበትን። ማጥፊያው ጋ መድረስ ካልተቻለ ሰው ሁሉ ይውጣ። ኮምፒዩተሩ ይቅር።

8. መጀመሪያ ምን እንግዛ?

ገንዘብ ካገኘን በዚህ ተራ እንሂድ። መጀመሪያ በክፍል 3 የተዘረዘሩትን ልማዶች እንያዝ፤ ነጻ ናቸው። ሁለተኛ ፍላሽ፣ ትክክለኛ መሰኪያና ጤናማ ሽቦ። ሦስተኛ፣ ኮምፒዩተር ገና የምንገዛ ከሆነ ላፕቶፕ እንምረጥ፤ ጤናማ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ዩ.ፒ.ኤሱን በሆዱ ይዟል፣ ኃይልም ይቆጥባል። የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ያለን ከሆነ ደግሞ ዩ.ፒ.ኤስ.። አራተኛ ከጎረቤት ጋር በጋራ ሶላር። ጄኔሬተር ከሁሉ መጨረሻ ነው።

መልመጃ

1. 45 ዋት የሚስብ ላፕቶፕ በ12 ቮልት፣ በ50 አምፔር-ሰዓት የእርሳስ ባትሪ ግማሽ ኃይል ስንት ሰዓት ይሠራል?
2. መብራቱ ጠፍቶ መጣ፤ አምፖሉ ይዋልላል። ልጃችሁ ኮምፒዩተሩን ልሰካ ይላል። ምን ትሉታላችሁ?
3. ፊውዝ ተቃጥላ አዲስ የለም። ጎረቤት የሲጋራ ብር ወረቀት ሰጣችሁ። ምን ታደርጋላችሁ?

መልስ፦ 1. ግማሹ 300 ዋት-ሰዓት ነው፤ ለ45 ሲካፈል ከ6 ሰዓት ተኩል በላይ ይመጣል፤ የሚባክነው ሲቀነስ ከ5 እስከ 6 ሰዓት እንበል። 2. «አምፖሉ ሳይዋልል 10 ደቂቃ ይቆይ፤ ከዚያ ትሰካለህ።» 3. ጎረቤትን አመስግኖ፣ ፊውዝ እስኪገኝ በወረቀት መጻፍ።

በስሌቱ የተቸገራችሁ፣ ወይም የቤታችሁን ዕቃ ዋት ለመቁጠር የምትፈልጉ ወደ ማታው ክፍል ብቅ በሉ፤ የቻርጀራችሁን ጀርባ አብረን እናነባለን።

እነዚያ እናት ባለፈው ሰሞን በማመልከቻው ላይ የሚጨምሩት ነገር ትዝ ብሏቸው ተመልሰው መጥተው ነበር። አንድ ዐረፍተ ነገር ተናገሩ፤ ጻፍነው። አራት ነጥብ ስናደርግ ማያ ገጹን እያዩ፣ «አስቀመጣችሁት?» ብለው ጠየቁን። አስቀምጠነው ነበር።